የኡዝቤኮችን ቆብ ከመጥለፋችሁ በፊት አንብቡት

ኮየ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ያለች ጎረቤቴ ከስልኳ ላይ የኡዝቤክ ቆብ አሳየችኝና «ይቺን ቃሪያ ልጄ ኮፍያ ላይ ጥለፊልኝ» አለችኝ። በግምት ነው ያለችው፣ ግን እውነትም ቃሪያ ነው። ትርጉም ያለውን ጥልፍ ዝም ብሎ መገልበጥ ስለሚያሳዝነኝ መጀመሪያ አብረን አነበብነው።

ቆቡ ዶፒ ይባላል። ከአናቱ ጀምሩ። ጥቁር ጨርቅ ላይ በነጭ ክር አራት ቆልመም ያሉ ፍሬዎች ካያችሁ የቹስት ዶፒ ነው፤ ቹስት ኡዝቤኪስታን ውስጥ፣ ፈርጋና በሚባለው ሸለቆ፣ ናማንጋን ከተማ አካባቢ ያለች፣ በዚህ ቆብ የታወቀች ከተማ ናት። ፍሬውን አንዳንዱ ቦዶም ይለዋል፣ አልሞንድ ማለት ነው። ሌላው ቃላምፒር ይለዋል፣ በርበሬ። አልሞንዱ ሕይወትና መራባት ነው። በርበሬው ደግሞ ክፉ ዓይን ይከለክላል፣ እኛ ቡዳ እንደምንለው።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚዘለው ዙሪያውን ነው። ከታች ጠርዙ ላይ በየጎኑ አራት አራት ቅስት ተሰድሯል፣ ሲደመር 16። ከአራቱም አቅጣጫ የሚመጣ ክፉ እንዳይገባ ይጠብቃሉ ይባላል። ስለዚህ ቃሪያዋን ብቻ ከወሰዳችሁ ቤቱን ያለ አጥር እንደመውሰድ ነው።

ጥልፉ እንደ ምንጣፍ ጨርቁን ሙሉ ከሸፈነው ሻህሪሳብዝ የምትባለው የኡዝቤክ ከተማ ዶፒ ይሆናል። ከፈይ ጨርቅ ላይ የወርቅ ክር ካለ የሌላዋ ከተማ የቡኻራ። ሮማን ካያችሁ ደግሞ «ብዙ ልጅ ይስጥሽ» የሚል ምርቃት ነው።

ለመጥለፍ ጨርቁን ለአራት አጥፋችሁ መሐሉን አግኙ። በደረቀ ሳሙና ስባሪ በየሩቡ አንድ ቃሪያ ሳሉ፣ ጫፋቸው ሁሉ ወደ አንድ በኩል ይዙር። ጠርዙን ለብቻው ለአራት ከፍላችሁ በእያንዳንዱ ላይ አራት ቅስት አስምሩ። እዚህ ላይ መለካት ግድ ነው፣ እኔ በዓይኔ ገምቼ ጀምሬ የመጨረሻው ቅስት ቦታ አጥቶ ሁለቴ ፈትቻለሁ።

ጎረቤቴ «ጥቁር ለሕፃን?» ብላ ደነገጠች። ልክ ናት። እዚያም ጥቁርና ነጩ የወንዶች ነው፤ የልጆቹ በቀለም ያሸበረቀ፣ ከክፉ ዓይን እንዲጠብቅ ዶቃ የሚሰፋበት ነው። እኛም ቀይ ጨርቅ ገዝተን አራቱን ቃሪያ በነጭ፣ 16ቱን ቅስት በቢጫ እየጠለፍን ነው። ዶቃውን ከእናቷ የድሮ ጨሌ ላይ ትፈታልኛለች።