የደም ስር ሲያፈስ፦ ጀማሪ ተመራማሪዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

በብግነት ጊዜ የደም ስር ለምን እንደሚያፈስ ሊያጠኑ ወደ ላብራቶሪ የሚመጡ ተማሪዎች ጎበዞች ናቸው። ስህተታቸው ግን ይመሳሰላል። ያው ስህተት ሲደጋገም ደግሞ ሰው ይሰለቻል። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

መጀመሪያ፣ ማፍሰስን ሁልጊዜ እንደ ጉዳት አትዩት። የደም ስር ውስጠኛ ግድግዳ አንድ ረድፍ ሴል ነው፤ ኢንዶቴልየም ይባላል። ሴሎቹን እርስ በርስ የሚያያይዘው በዋናነት ቪኢ-ካድሄሪን የሚባል ፕሮቲን ነው። ሂስታሚን የሚባለው የብግነት መልእክተኛ ሲመጣ ግድግዳው አይቀደድም። ሴሎቹ ታዘው ይከፍታሉ፣ ሲበቃቸው መልሰው ይዘጋሉ። ሴል ሞቶ ቀዳዳ ሲፈጠር ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ «ተጎድቷል» ብሎ መጻፍ ጥናቱን ከመነሻው ያበላሸዋል።

የሁሉንም ምልክት ውጤት በአንድ የመለኪያ ሰዓት ብቻ መለካት ላይ ግን ትንሽ ልቆጣ። ተማሪው ሂስታሚንን፣ ትሮምቢንን (ደም የሚያረጋ ኢንዛይም) እና ቲኤንኤፍ-አልፋን (የብግነት ፕሮቲን) ሴሎቹ ባሉበት በየሳህኑ ይጨምርና ወደ ቤቱ ይሄዳል። በማግስቱ ጠዋት መጥቶ ይለካል። ከዚያ «ሂስታሚኑ አልሠራም» ይለኛል። ሠርቶ ጨርሶ ነዋ! ሂስታሚን ኤች-1 ተቀባዩን ሲይዝ ጂ-ኪው የሚባለው ፕሮቲን ይነሳል። በእሱ በኩል አይፒ-3 ይፈጠርና በሴሉ ውስጥ የተከማቸው ካልሲየም ይለቀቃል። ካልሲየሙ ማዮሲን ላይ ፎስፌት የሚጭነውን ኢንዛይም ያስነሳል። ሴሉ ይኮማተራል፣ መጋጠሚያው ይሳባል። ይህ ሁሉ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ አዲስ ፕሮቲን እስኪመረት አይጠብቅም። ጠዋት የምታገኙት ተረጋግቶ ክፍተቱን የዘጋ ሴል ነው።

ትሮምቢን ከዚህ ይቆያል። በፓር-1 ተቀባይ በኩል ካልሲየሙን ብቻ ሳይሆን ሮ-ኤ የተባለውን ፕሮቲንም ያስነሳል። ሮ-ኤ ደግሞ ሮክ በሚባለው ኢንዛይም አማካይነት ፎስፌቱን ከማዮሲን ላይ የሚያወርደውን ኢንዛይም ያግደዋል። ስለዚህ የተኮማተረው ቶሎ አይላላም። ቲኤንኤፍ-አልፋ ጭራሽ ሌላ ዓለም ነው። ከዋና መንገዶቹ አንዱ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የሚባለውን ጂን ተቆጣጣሪ ፕሮቲን አስነስቶ የጂኖችን ሥራ መቀየር ነው፤ ለዚህ ሰዓታት ያስፈልጉታል። አምስት ደቂቃ ላይ ለክቶ «ምንም የለም» ማለትም ያው ስህተት ነው፣ በተቃራኒው በኩል። ለእያንዳንዱ ምልክት የራሱን የጊዜ ሰሌዳ ሥሩለት። አንድ የመለኪያ ሰዓት ሰሌዳ አይባልም።

ሌላው ጣጣ ማጠቢያው ነው። ካድሄሪን ካልሲየም ከሌለ ጎረቤቱን መያዝ አይችልም። አንዲት ተማሪ በጣም የሚያምር የማይክሮስኮፕ ምስል ይዛ መጣች። ትሮምቢን በተጨመረባቸው ሴሎች መካከል ክፍተት በክፍተት ነው። «ኮንትሮሉስ፣ ትሮምቢን ያልተጨመረበትስ?» አልኳት። አሳየችኝ፤ እሱም ወንፊት ሆኗል። ለካ ሁለቱንም ፊክስ ከማድረጓ (በኬሚካል ባሉበት ከማስቀረቷ) በፊት ካልሲየም በሌለው ፒቢኤስ (ጨዋማ ማጠቢያ ፈሳሽ) አጥባ፣ እዚያው ውስጥ ትታቸው ስልክ ስታወራ ቆይታለች። ካልሲየምና ማግኒዥየም ያለበትን ፒቢኤስ ተጠቀሙ። ስልኩ ይቆይ።

ሴረም (ደም ሲረጋ የሚቀረው ፈሳሽ) ያለበት ሚድየም (የሴል ማሳደጊያ ፈሳሽ) ላይም አትሞክሩ። ሴረም ውስጥ ኤስ-1-ፒ የሚባል ቅባት-ነክ ምልክት አለ፤ እሱ ራክ-1 የሚባለውን ፕሮቲን አስነስቶ መጋጠሚያውን ያጠብቃል። የሚከፍተውንና የሚዘጋውን አብራችሁ ጨምራችሁ ውጤቱ ሲምታታባችሁ ማንንም አትውቀሱ።

የሴሎቹን ንጣፍ የኤሌክትሪክ ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚከለክለውን ያህል) ለክታችሁ «ፕሮቲን አፈሰሰ» አትበሉ። መሣሪያው የሚነግራችሁ ስለ ትናንሽ አዮኖች ነው። በደም ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፕሮቲን፣ አልቡሚን፣ 66 ኪሎዳልተን ገደማ የሚመዝን ግዙፍ ሞለኪውል ነው፤ ስለ እሱ ለማውራት እሱን ራሱን አሳልፉት። ደግሞ ሳህኑ ከኢንኩቤተር ወጥቶ ሲቀዘቅዝ የሬዚስታንሱ ቁጥር ከፍ ይላል። መድኃኒቱ ሠራ ብላችሁ እንዳትደሰቱ።

ቦታውም ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1961 ማይኖና ፓላዴ በአይጦች ላይ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩ፣ ሂስታሚንና ሴሮቶኒን በሴሎች መካከል ክፍተት የከፈቱት ከካፒላሪ (ከቀጫጭኖቹ የደም ስሮች) ቀጥለው ባሉት ቬኑሎች (ጥቃቅን ደም መላሾች) ነበር። ከትልቅ ደም ቅዳ በተወሰዱ ሴሎች ላይ ያገኛችሁትን ለመላው የደም ስር አታውሉት።

በእንስሳ ላይ ፍሰትን ለመለካት ኢቫንስ ብሉ የሚባለውን ቀለም የምትጠቀሙም ተጠንቀቁ። ቀለሙ ከአልቡሚን ጋር ተጣብቆ ይወጣል፣ ጥሩ። ነገር ግን ደም ስሮቹ በሳላይን (በጨው ውሃ) ካልታጠቡ ውስጣቸው የቀረው ቀለም እንደ ፈሰሰ ይቆጠርላችኋል። ፕሮስታግላንዲን ኢ-2 የሚባለው የብግነት ምልክት ደግሞ ወደ ቬኑሎቹ ደም የሚያደርሱትን ጥቃቅን ደም ቅዳዎች ያሰፋል። የሚደርሰው ደምና ግፊቱ ሲጨምር፣ መጋጠሚያው ላይ ብዙ ለውጥ ሳይኖር የሚወጣው ፈሳሽ ሊበዛ ይችላል። እዚህ ላይ ስለ መጋጠሚያ ምልክት ብዙ ገጽ የጻፈ ሰው ያሳዝነኛል።

ነጭ የደም ሴል ስላለፈ ፈሳሹም አልፏል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በአይጦች ላይ በወጣ ጥናት፣ ቪኢ-ካድሄሪን ላይ ታይሮሲን 685 (በፕሮቲኑ ሰንሰለት 685ኛ ቦታ ላይ ያለው አሚኖ አሲድ) ሲቀየር የቀነሰው ፍሰቱ ነው። ታይሮሲን 731 ሲቀየር ደግሞ የቀነሰው የነጭ ሴሎች መሻገር ነው። ሁለቱን ለየብቻ ለኩ።

የሮክ ማገጃ ስትጨምሩም፣ ማገጃው ብቻውን ትሮምቢን ሳይኖር የተጨመረበት ሳህን ይኑራችሁ። ያረፈ ሴል እንኳ መጋጠሚያውን ለመጠበቅ ጥቂት ውጥረት ይፈልጋል። ማገጃው ያንን ካላላው፣ መነሻ መስመራችሁ ራሱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው።