በፑዌብላ ከተማ በተማሪ በጀት የአገሬውን ምግብ እንዴት መመገብ ይቻላል

ከሜክሲኮ ሲቲ በስተደቡብ ምሥራቅ የምትገኘው ፑዌብላ፣ በአሕጽሮት ቡዋፕ የሚባለው ትልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መቀመጫና የሞሌ ወጥ አገር ናት። ሶካሎ በሚባለው ዋና አደባባይ ዙሪያ በውድ የሚሸጠው ምግብ ጥቂት መንገዶች ወረድ ብሎ በገበያ ውስጥ በርካሽ ስለሚገኝ፣ አዲስ የመጣ ተማሪ አስቀድሞ የምግብ ሰዓቱንና ቦታውን ማስተካከል ይኖርበታል።

በመጀመሪያ የቀኑን ዋና ምግብ ወደ ከሰዓት በኋላ ያዛውሩት። ፎንዳ የሚባሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ገደማ ኮሚዳ ኮሪዳ ያቀርባሉ፤ ይህም ሾርባ፣ ሩዝ ወይም ፓስታ፣ አንድ ወጥ ቶርቲያ ከሚባል ቀጭን የበቆሎ ቂጣ ጋር፣ ብዙ ጊዜም እንደ ከርከዴ ያለ ቀዝቃዛ መጠጥ በአንድ ዋጋ የሚገኝበት ምሳ ነው። መጠጡ በዋጋው ውስጥ መካተቱን ከመቀመጥዎ በፊት ይጠይቁ። ጥሩ ጥሩው ወጥ ቶሎ ስለሚያልቅ ቀደም ብሎ መሄድ ይበጃል። ከደረቅ በርበሬ፣ ከሰሊጥ፣ ከቅመማ ቅመምና ከጥቂት ቸኮሌት የሚሠራው ሞሌ ከዕለቱ ወጦች አንዱ ሆኖ ካገኙት ሌላ አይምረጡ፤ ለቱሪስት በተሰናዳ ቤት ለዚያው ሞሌ የሚከፈለው ብዙ ነው።

በሌላ ቀን ወደ ኤል ካርመን ገበያ ሄደው ሴሚታ ይዘዙ። ሰሊጥ የተነሰነሰበት ክብ ዳቦ በተጠበሰ ሥጋ፣ በአይብ፣ በአቮካዶና ፓፓሎ በሚባል ጠረኑ ኃይለኛ ቅጠል ተሞልቶ ይቀርባል፤ አንዱ ለብዙ ሰው ሙሉ ምሳ ይሆናል። ፓፓሎውን ያልለመደ ሰው በጥቂቱ እንዲደረግለት ቢጠይቅ ይሻላል።

የአሳማ ሥጋ የማይበላ ሰው ግን ይጠንቀቅ። ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ ስደተኞች ያስተዋወቁት ታኮ አራቤ የሚባለው በቂጣ የተጠቀለለ ሥጋ፣ ስሙ ዓረብኛ ቢያስመስለውም፣ በአብዛኛው የሚሠራው ከአሳማ ነው። ቻሉፓ የሚባለው ትንሽ ቶርቲያም በተለምዶ በአሳማ ስብ ይጠበሳል፤ ጿሚ ሊመርጠው የሚችለው የቦሎቄ ወጥ ሳይቀር ይህ ስብ ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ «ዬቫ ማንቴካ?» ማለትም «ስብ አለበት?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለእራት ቤት ውስጥ ማብሰሉ ያዋጣል። ቶርቲያ ከሰፈር ቶርቲዬሪያ ትኩሱን በኪሎ ይሸጣል፤ ግማሽ ኪሎም ይሰጣሉ። አትክልትና ጥቁር ቦሎቄ በሳምንት አንድ ቀን በየሰፈሩ ከሚቆመው ቲያንጊስ ከሚባለው የመንገድ ገበያ ይገዛሉ፤ ለዚህም ዝርዝር ገንዘብ መያዝ ያስፈልጋል።

ከሐምሌ እስከ መስከረም አጋማሽ ገደማ በዋልነት ስጎና በሮማን ፍሬ ተሸፍኖ የሚቀርበው ቺሌ ኤን ኖጋዳ የሚባል የተሞላ ቃሪያ በርካሽ የሚገኝ ምግብ አይደለም፤ በገበያ ፎንዳ አንዱን ለሁለት ተካፍሎ መብላት ይቻላል።