ግሬይሎግ የማንቂያ ኢሜይል አልልክ ሲል

ግሬይሎግ የሰርቨሮችንና የመሣሪያዎችን ሎግ (የክስተት መዝገብ) ሰብስቦ ችግር ሲያይ ማንቂያ የሚልክ ፕሮግራም ነው። ዲስኩ ሞልቷል፣ ስህተቱ ሎግ ላይ ተመዝግቧል፣ ኢሜይሉ ግን የለም። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ የማንቂያውን ሕግ መነካካት ይጀምራል። ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ ግሬይሎግ ውስጥ ኖቲፊኬሽኑን (ማንቂያው ለማን እንደሚላክ የሚሞላበትን) ከፍታችሁ የሙከራ መልእክት ላኩ። የችግሩን ግማሽ ከመንገድ የሚያወጣው ይህ ነው።

ሙከራው ካልደረሰ

ችግሩ መላኪያው ላይ ነው። ግሬይሎግ ሲጫን ኢሜይል የመላክ አገልግሎቱ ተዘግቶ ይመጣል። የግሬይሎግ ሰርቨሩን ኮንፊግ (የማስተካከያ) ፋይል ክፈቱ፣ ከኢሜይል መስመሮቹ ፊት ያለውን # አንሱ፣ የመጀመሪያውን «ትሩ» (true) አድርጉ። ከዚያ ሰርቪሱን ሪስታርት አድርጉት፤ ሴቭ ማድረግ ብቻውን ምንም አይለውጥም።

አሁንም ካልሄደ የግሬይሎግን የራሱን ሎግ እዩ። «ታይምአውት» የሚል ከሆነ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው። ብዙ የክላውድ አቅራቢዎች ፖርት 25ን (ኢሜይል የሚወጣበትን ባለ ቁጥር በር) ስለሚዘጉ 587ን ሞክሩ። 587 ከቲኤልኤስ ጋር፣ 465 ከኤስኤስኤል ጋር ነው የሚሄደው፤ ቲኤልኤስና ኤስኤስኤል ግንኙነቱን የሚያመሰጥሩ መንገዶች ናቸው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አታብሩ። ጂሜይል ፓስወርዱን አልቀበልም ካለ ደግሞ የአካውንቱን ፓስወርድ ተዉትና ባለ 16 ፊደሉን አፕ ፓስወርድ (ጂሜይል ለፕሮግራሞች ለብቻ የሚሰጠውን) አውጡ።

ሙከራው ደርሶ እውነተኛው ካልመጣ

እዚህ ጋ ሰዓቱን ጠርጥሩ። በእኛ አገር በተለይ! ፋየርዎሉ ወይም ራውተሩ የአዲስ አበባን ሰዓት ይልካል፣ የየት አገር ሰዓት እንደሆነ ግን አይናገርም። ተቀባዩ ግሬይሎግ ዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ ያለው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ነው ብሎ ከወሰደው ሎጉ 3 ሰዓት ወደፊት ይቀመጣል። ያለፉትን 5 ደቂቃዎች የሚፈልገው ሕግ እንዴት ያገኘዋል? ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ኢሜይሉ ይመጣል፣ ግን 3 ሰዓት ያህል ዘግይቶ። ለማረጋገጥ ፍለጋው ላይ መጨረሻውን ነገ አድርጋችሁ እዩ።

መፍትሄው መሣሪያው በዩቲሲ እንዲልክ ማድረግ ነው፤ ካልሆነም የሰዓት ልዩነቱን በሚይዘው፣ አርኤፍሲ 5424 በሚባለው የሎግ ፎርማት ይላክ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱ ወደ ድሮ የሚመለስበት መሣሪያ ካላችሁ የባሰ ነው። የዚያ ሎግ የሚገባው ሕጉ ቀድሞ አይቶ ባለፈው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ ማንቂያው ጭራሽ አይመጣም። ኤንቲፒ (ሰዓትን በኔትወርክ የሚያስተካክል አገልግሎት) አስገቡለት።

የመጀመሪያው ኢሜይል ደርሶ ከዚያ ዝም ካለ ግን ምንም አልተበላሸም። ግሬስ ፔሪየዱ (ከአንድ ማንቂያ በኋላ ሌላ የማይላክበት ጊዜ) ረጅም ስለሆነ ነው፤ አሳጥሩት።