የቅኔ ግሩፓችሁን ሳይዘጋባችሁ ወደ ማትሪክስ አውጡት

ሰላም ናችሁ የቅኔ ወዳጆች፣ ይሄን የምጽፈው ግሩፕ ለምታስተዳድሩ ነው፣ እኛ ላይ የደረሰው እንዳይደርስባችሁ ብየ። ደብረ ማርቆስ ሁኘ የማስተዳድረው ግሩፕ ነበረ፣ ከዋሸራም ከጎንጅም ከዲማም የቅኔ ቤቶች የወጡ ሰዎች ቅኔ የሚለጥፉበት፣ አንድ ቀን ጠዋት ስከፍተው የለም። መጨረሻ የተለጠፈው የአማርኛ ቅኔ ነበር፣ ሰሙ የጦር ወሬ ወርቁ ግን ስለ ጾም፣ ልጥፍ የሚያጣራው ማሽን ደግሞ ከሰም አያልፍም። አቤት ብንል መልስ የሚሰጥ ሰው አላገኘንም። የአራት አመት ቅኔ ሄደ፣ ካረፉ የኔታ አፍ የተቀዳ ድምጽ ሁሉ ነበረበት፣ እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ያላችሁን አውርዱ፣ ዛሬውኑ። ቴሌግራም ላይ ከሆናችሁ በስልኩ አፕ አይሆንም፣ ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራም ዴስክቶፕን ጫኑና ግሩፑን ከፍታችሁ ሶስቱን ነጥቦች ስትነኩ ኤክስፖርት ቻት ሂስትሪ የሚል አለ፣ ቮይስና ፋይል የሚሉትን ምልክት አድርጉባቸው፣ የፋይል መጠን ገደቡንም ከፍ አድርጉት አለበለዚያ ረጃጅሙ ድምጽ ይቀራል። ፌስቡክ ላይ ከሆነ ዳታ የማውረጃው ነገር የራሳችሁን እንጂ የሌላውን ሰው ልጥፍ አይሰጣችሁም፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱን እንዲያወርድ መለመን ነው፣ አድካሚ ነው ግን ሌላ መንገድ የለውም።

ውጡበት የምላችሁ ማትሪክስ ያልተማከለ የመልዕክት መድረክ ነው፣ ያልተማከለ ሲባል ግራ ለገባው የቅኔ ቤትን ያስብ። ዋሸራ የራሱ መምህር አለው፣ ጎንጅም የራሱ፣ የአንዱ ጉባኤ ቢፈታ ተማሪው አኩፋዳውን ይዞ ሌላው ጋ ይገባል፣ የቆጠረው ቅኔም አይሻርበትም። ማትሪክስ እንደዛ ነው። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ ብዙ ሰርቨሮች (መልዕክቱን የሚያስቀምጡና የሚያደርሱ ኮምፒውተሮች) አሉት፣ አንዱ ላይ ያለ ሰው ሌላው ላይ ካለው ጋር ያወራል፣ የግሩፑ ታሪክም አባላቱ ባሉባቸው ሰርቨሮች ሁሉ ቅጂው ይቀመጣል። ግሩፕ ሳይሆን ለህዝብ የሚለጥፍ ገጽ ከሆነ ያላችሁ ማስቶዶን የሚባለው ያልተማከለ መድረክ ይሻላችኋል፣ ብዙው ሰርቨር ላይ አንድ ልጥፍ 500 ፊደል ስለሚይዝ ቅኔው ከነፍቹ ይገባል፣ ብቻ እዛ ከሰርቨር ሰርቨር ስትቀይሩ ተከታዮቻችሁ ይከተሏችኋል እንጂ የድሮ ልጥፋችሁ አይመጣም።

ለማትሪክስ ኤለመንት የሚባለውን አፕ ጫኑ። የመለያ ስሙ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው፣ ለሰው የሚታየው ስም ግን በግዕዝ ፊደል ይሆናል። አካውንት ከከፈታችሁ በኋላ ሪከቨሪ ኪይ የሚባለውን ቁልፍ አውጡና ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ስልክ ሲጠፋ ወይ ሲቀየር የተቆለፈውን መልዕክት የሚከፍተው እሱ ነው።

ሩም (ማትሪክስ ላይ ግሩፕ ማለት ነው) ስትከፍቱ ኢንክሪፕሽን፣ መልዕክቱን የሚቆልፈው ማለት ነው፣ ይሁን ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል፣ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። አንዴ ከበራ አይጠፋም፣ ደግሞ አዲስ የገባ ሰው የቆየውን ማንበብ ያስቸግረዋል። ለሚስጥር ወሬ ጥሩ ነው፣ ለቅኔ ማኅደር ግን አታብሩት፣ አዲስ የመጣ ልጅ የድሮውን ካላነበበ ከምን ይማራል? ሌላው አድሚን ነው፣ ቢያንስ ሶስት ሰው አድሚን ይሁን፣ ሶስቱም የተለያየ ሰርቨር ላይ አካውንት ያውጡ፣ ሁላችሁም አንድ ሰርቨር ላይ ከተሰበሰባችሁማ እሱ የወደቀ ቀን ተመልሳችሁ እዛው ናችሁ። እኩል ስልጣን የሰጣችሁትን ሰው በኋላ ማውረድ ስለማይቻል ግን የምታምኑትን ምረጡ።

አሁን ሰው ማምጣቱ፣ ከባዱ እሱ ነው። ሁሉንም ባንዴ ኑ አትበሉ፣ መጀመሪያ ቅኔ የሚያዋጡትን አምስት ስድስት ሰዎች በየግል ደውላችሁ አስገቡ፣ ትልልቆቹ አባቶች ጋ ደግሞ ሄዳችሁ ስልካቸው ላይ ጫኑላቸው። የቀረው ሰው እነሱ ካሉበት ይመጣል። አሮጌውን ቤት አትዝጉት፣ የአዲሱን ሊንክ ፒን አድርጋችሁ ተዉት። እኛ ያደረግነውን ልንገራችሁ፣ ሌላ መድረክ ላይ የቀረችንን ትንሿን ግሩፕ ስናዛውር፣ ጉባኤ ቃና የምትባለው ቅኔ ሁለት ቤት (ሁለት ስንኝ) አይደለች፣ አንደኛዋን ቤት አሮጌው ላይ እንለጥፍና ሁለተኛዋን አዲሱ ላይ። ቅኔ የሚወድ ሰው ግማሽ ሰምቶ አያድርም፣ መጡ።

ማትሪክስም ቢሆን ያለ ኢንተርኔት አይሰራም፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አማራ ክልል ዳታ ሲቋረጥ ያየነውን ታስታውሳላችሁ። ብራየር የሚባል የአንድሮይድ አፕ አለ፣ ሰዎቹ ተቀራርበው ካሉ በብሉቱዝም መልዕክት ያደርሳል፣ ለማህደር ግን አይሆንም። እኛ በየወሩ መጨረሻ ያለውን ሁሉ አውርደን ሁለት ፍላሽ ላይ እናደርጋለን፣ አንዱ ማርቆስ ይቀመጣል አንዱ ሞጣ።