ስልክ ላይ የሚታየው ባላንስ የእናንተ ብር ልክ አይደለም፦ የሱቅን ሒሳብ ከባንክ ጋር እንዴት ማስታረቅ ይቻላል?

አንድን ባለሱቅ «ባንክ ስንት አለህ?» ብትሉት ስልኩን አውጥቶ ባላንሱን ያሳያችኋል። ያ ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ ልክ አይደለም። ከትናንት ወዲያ ለአከፋፋይ የጻፈው ቼክ ገና አልተመነዘረም። ቅዳሜ ማታ የተሸጠው ብር ካዝና ውስጥ ተቀምጧል። ባንኩ የቆረጠው የአገልግሎት ክፍያ ደግሞ ደብተሩ ላይ የለም። ይህን ሳያጣራ «አለኝ» ብሎ ሌላ ቼክ የሚጽፍ ሰው ሳያስበው ደረቅ ቼክ (ሒሳቡ ውስጥ በቂ ብር የሌለው ቼክ) ሊጽፍ ይችላል። ደረቅ ቼክ ደግሞ በእኛ አገር ፍርድ ቤት የሚያስኬድ ነገር ነው።

ስለ ማስታረቅ ከማውራቴ በፊት ግን ስለ ሱቁ የብር መሳቢያ ላውራ። ምክንያቱም ማስታረቅ ማለት የእናንተን መዝገብ ከባንኩ መዝገብ ጋር ማስተያየት ነው፤ ሳይመዘገብ ከመሳቢያ የወጣ ብር በሁለቱም ላይ ስለሌለ፣ ወሩን ሙሉ ብታስታርቁ አታገኙትም።

መጀመሪያ መሳቢያው

ሱቅ ውስጥ ብርን የሚነኩ ሦስት ሥራዎች አሉ። አንዱ መቀበል፣ አንዱ መመዝገብ፣ አንዱ ከባንክ ጋር ማስታረቅ ነው። ሦስቱን አንድ ሰው ከያዘ ቁጥጥር የሚባል ነገር የለም። «ሠራተኛዬ አንዲት ናት፣ ከየት አምጥቼ ልከፋፍል?» ትሉ ይሆናል። እሺ፣ እሷ ትቀበል፣ እሷም ትመዝግብ። ስቴትመንቱን (ባንኩ የሚሰጠውን የገባና የወጣ ብር ዝርዝር) ግን ራሳችሁ ከባንክ አውጡና ራሳችሁ አስታርቁ። ይቺን ሥራ ለካሸር አትስጡ፣ እህታችሁም ብትሆን።

«እንዴት ሰው አላምንም?» የሚለውን ብዙ ሰምቻለሁ። አንድ ሒሳቡን የምሠራለት ሱቅ ነበር፤ በየሳምንቱ ሁለት ሺህ፣ ሦስት ሺህ ብር ይጎድላል። ሁሉም ሰው ካሸሯን ይጠረጥራል፤ ልጅቷም ከስታ ነበር። ማታ ማታ በወረቀት መቁጠር ስንጀምር ሌባው ተገኘ፦ ባለቤቱ ራሱ! ለነዳጅ፣ ለእንግዳ ምሳ፣ ለዕቁብ እያለ ከመሳቢያው መዘዝ ያደርጋል፣ አይጽፍም፣ ማታ ይረሳዋል። ቁጥጥሩ ከሁሉ በላይ የጠቀመው ለዚያች ልጅ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ጠዋት መሳቢያው ሁልጊዜ በእኩል የመነሻ ብር ይከፈት፣ 2,000 ብር በዝርዝር ይበቃል። ማታ ካሸሯ ከማሽኑ የዜድ ሪፖርቱን (የቀኑን ጠቅላላ ሽያጭ የሚያሳየውን ወረቀት) ሳታይ ትቁጠር፣ የቆጠረችውን በየኖቱ ጽፋ ትፈርም። ሪፖርቱ ከዚያ በኋላ ይውጣ። ቅደም ተከተሉ ዋና ነገር ነው፤ መጀመሪያ ሪፖርቱን ያየ ሰው ቆጠራውን ወደዚያ ቁጥር ይጎትታል፣ ሐቀኛ ሆኖም እንኳ። ጎደለም ተረፈም ልዩነቱ ይጻፍ። «ትርፍ ነው፣ ችግር የለውም» አትበሉ፤ የተረፈ ብር ብዙ ጊዜ ለደንበኛ ያልተመለሰ መልስ ወይም ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ሽያጭ ነው።

የቀኑ ሽያጭ ሳይነካ፣ ምንም ሳይቀነስለት፣ በማግስቱ ጠዋት ባንክ ይግባ። ከሽያጭ ላይ ወጪ ማውጣት የለም። ይህን ከጠበቃችሁ የእያንዳንዱ ቀን የባንክ ማስገቢያ ወረቀት ከዚያ ቀን የካሽ ሽያጭ ጋር እኩል ይሆናል፣ የወር መጨረሻ ሥራችሁም ግማሹ አለቀ ማለት ነው።

ለጥቃቅን ወጪ ፔቲ ካሽ ለብቻው ያዙ። 5,000 ብር ይሁን እንበል። በማንኛውም ሰዓት ሣጥኑን ብትከፍቱ ውስጡ ያለው ብርና የወጪ ማስረጃው ተደምሮ 5,000 መምጣት አለበት። 1,850 ብር ካሽ ካለ 3,150 ብር ወረቀት ሊኖር ነው። ስትሞሉትም 3,150 ብቻ ሙሉ። ሳትናገሩ አልፎ አልፎ ሂዱና ቁጠሩት።

ደረሰኝ ተራ ቁጥሩ አይዘለል፤ የተበላሸውም ከነኮፒው ጥራዙ ውስጥ ይቀመጥ። ባዶ ቼክ ላይ ፈርሞ ትቶ መሄድ ደግሞ ይቅርባችሁ፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን።

ዱቤ የምትሰጡ ከሆነ አንድ ዘዴ እወቁ፣ የአበበን በከበደ መሸፈን። አበበ ዕዳውን ሲከፍል ካሸሩ ኪሱ ይከታል፤ ከበደ ሲከፍል ያንን በአበበ ስም ይመዘግበዋል፤ ለከበደ ደግሞ ቀጣዩን ሰው ይጠብቃል። ባንክ ላይ ምንም አይታይም። የሚጋለጠው እናንተ ራሳችሁ ለደንበኞቹ ደውላችሁ «እኛ ጋ ያለብህ ይህን ያህል ነው፣ ልክ ነው?» ስትሉ ነው፤ ወይም ካሸሩ የዓመት ዕረፍቱን ወስዶ ሌላ ሰው ቦታው ላይ ሲቀመጥ። ዕረፍት አልወጣም ብሎ ሙጭጭ የሚል ካሸር ሁልጊዜ ታታሪ ስለሆነ ላይሆን ይችላል።

የትራንስፈር ነገርማ አይነሣ። ስክሪንሾት ገንዘብ አይደለም። የተቀናበረ ምስል አሳይቶ ዕቃ ጭኖ የሚሄድ ሰው ሞልቷል። ብሩ በእናንተ ሒሳብ መግባቱ በራሳችሁ ስልክ ወይም በግብይት ቁጥሩ ሳይረጋገጥ ዕቃ አይውጣ።

አሁን ወደ ማስታረቁ

ወሩን ቁረጡ። እዚህ ጋ የእኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው። ደብተራችሁ በኢትዮጵያ ቀን ነው፣ የባንኩ ስቴትመንት በፈረንጅ። የጥር 2018ን ወር ለማስታረቅ ከጃንዋሪ 9 እስከ ፌብሩዋሪ 7, 2026 ያለውን ስቴትመንት ነው የምታወጡት። «የጃንዋሪን ስጡኝ» ብላችሁ ብትሄዱ ከታኅሣሥ ስምንት ቀን ይጨመርባችኋል፣ ከጥር መጨረሻ ደግሞ ሰባት ቀን ይጎድላችኋል። ከዚያ ምንም ብታደርጉ አይገጥምም።

ስቴትመንቱን፣ ደብተሩን፣ የቼክ ጉርዱንና ያለፈውን ወር የማስታረቂያ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። እስክሪብቶ ያዙና ምልክት ማድረግ ጀምሩ። ስቴትመንቱ ላይ የገባ እያንዳንዱ ብር ደብተሩ ላይ ካለ ሁለቱም ላይ ጭረት አድርጉ። የወጣውም እንዲሁ። ባለፈው ወር ያልተመነዘሩ ቼኮች በዚህ ወር ተመንዝረው ከሆነ አሮጌው ወረቀት ላይ ጭረት ይደረግባቸዋል። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። ግን ስትጨርሱ ጭረት ያልነካቸው ጥቂት መስመሮች ብቻ ይቀራሉ፣ ሥራችሁም እነሱ ላይ ነው።

በምሳሌ እንየው። አንድ ቀለምና የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ጥር 30 ላይ ስቴትመንቱ 186,450 ብር ይላል፣ ደብተሩ 172,335። ልዩነቱ 14,115 ብር።

ከባንኩ ጎን ጀምሩ። ጥር 30 ቅዳሜ ነው። የዚያን ቀን ሽያጭ 23,700 ብር ደብተሩ ላይ ገብቷል፣ ባንክ የገባው ግን ሰኞ የካቲት 2 ነው። ስለዚህ ይደመራል፦ 210,150። ለአከፋፋይ የተጻፈ የ41,000 ብር ቼክ ደግሞ ገና ባንክ አልቀረበም። ይቀነሳል። 169,150 ብር መጣ።

አሁን የደብተሩ ጎን። ባንኩ የአገልግሎት ክፍያ 385 ብር ቆርጧል፣ አልተመዘገበም። አንድ ደንበኛ 12,500 ብር በትራንስፈር አስገብቶ ሳይነግራችሁ ቀርቷል። አንድ የ18,000 ብር ቼክ ተቀብላችሁ ገቢ ብላችሁ መዝግባችሁት፣ ባንኩ ስንቅ (በቂ ብር) የለውም ብሎ መልሶታል፤ ይህ ከገንዘባችሁ ይወጣና ሰውየው ላይ ዕዳ ሆኖ ይመለሳል። የመጨረሻው የመብራት ክፍያ ነው፤ የተከፈለው 6,930 ሆኖ ደብተር ላይ 9,630 ተብሎ ተጽፏል፣ ስለዚህ 2,700 ብር ይመለሳል። 172,335 ላይ 12,500ና 2,700 ደምሩ፣ 18,000ና 385 ቀንሱ። 169,150። ገጠመ!

የቱን ወደየት እንደምታደርጉ ከተምታታባችሁ አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህን ነገር ያላወቀው ማነው? ባንኩ ካላወቀው በባንኩ ጎን ይስተካከላል፣ ደብተራችሁ ላይ የምትነኩት ነገር የለም፤ ቀኑ ሲደርስ ራሱ ይገባል። ያላወቃችሁት እናንተ ከሆናችሁ ግን ወረቀቱ ላይ ማስተካከል አይበቃም፣ ደብተሩ ላይም ምዝገባ ይሠራል። ብዙ ሰው እዚህ ይሰንፍና የ385 ብሯን ክፍያ በየወሩ ወረቀት ላይ እየቀነሰ ደብተሩን ሳይነካ ይተወዋል፤ ከዚያ ሰኔ ላይ ለግብር ሒሳብ ሲዘጋ ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ክፍያ ሲፈልግ ያመሻል።

ስህተቱ የባንኩ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ በጽሑፍ አመልክቱ። ባንክ አይሳሳትም የሚል ሰው መጋቢት 2016ን ያስታውስ፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሌሊት ተበላሽቶ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ሲያወጡ አድረው ነበር፣ ባንኩ በኋላ የተናገረው መጠን ከ800 ሚሊዮን ብር ይበልጣል።

ካልገጠመስ?

እንደገና ከመደመራችሁ በፊት ልዩነቱን እዩት። ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ ሁለት አሃዞች ቦታ ተቀያይረው ሊሆን ይችላል፤ ቅድም የመብራቱ 2,700 እንደዚያ ነው። የልዩነቱን ግማሽ የሚያክል ቁጥር ደብተሩ ላይ ካለ ምናልባት መደመር ያለበት ተቀንሷል፣ ወይም በተቃራኒው። ልዩነቱን ራሱን የሚያክል ቁጥር ካለ ደግሞ ተረስቷል ወይም ሁለቴ ተጽፏል።

ልዩነቱ 40 ብር ነው ብላችሁ ግን አትለፉት። 40 ብር አንድ የ40 ብር ስህተት ሊሆን ይችላል። የ15,000 ጉድለትና የ14,960 ትርፍ ተጋጭተው የተረፈም ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው።

ቴሌብርን ከባንኩ ጋር አትቀላቅሉ። ብሩ የተቀመጠው ሌላ ቦታ ነው፣ ስለዚህ የራሱ ገጽ፣ የራሱ ባላንስ፣ የራሱ ማስታረቂያ ይኑረው። ከቴሌብር ወደ ባንክ ያዛወራችሁትን እንደ ሽያጭ እንዳትመዘግቡት ተጠንቀቁ፤ መጀመሪያ ቴሌብር ሲገባ ሽያጭ ተብሏል፣ አሁን ቦታ ቀየረ እንጂ አዲስ ብር አልመጣም። ይህን ስህተት ስንት ሱቅ ውስጥ አይቻለሁ! በሌለ ገቢ ግብር መክፈል ማለት ነው።

ሲገጥምላችሁ ወረቀቱ ላይ ቀን ጻፉ፣ ያስታረቀው ይፈርም፣ ባለቤቱም አይቶ ይፈርም፣ ከስቴትመንቱ ጋር በስፒል ተያይዞ ፋይል ይግባ። የካቲትን ስታስታርቁ የምትጀምሩት ከዚሁ ወረቀት ነው። ያ 23,700 ብር ሰኞ ዕለት መግባቱን እዩ፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ገብቶ ከሆነ ብሩ መካከል ላይ የት እንደከረመ ጠይቁ። የ41,000 ብሩ ቼክም ካልተመነዘረ አከፋፋዩ ጋ ደውሉ፣ መሳቢያው ውስጥ ረስቶት ይሆናል።