ካታሊና ከተጫነ በኋላ አልከፈት ያለው የፎቶ ሶፍትዌር

ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ፎቶ ቤት አለኝ። የስቱዲዮው ማክ (የአፕል ኮምፒውተር) ካታሊና ወደሚባለው ስርዓተ ክወና፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ወደሚያሠራው ዋና ሶፍትዌር፣ ካደገ በኋላ የሰርግ ፎቶ የማስተካክልበት ሶፍትዌር አልከፈት አለ። አይኮኑ ላይ ነጭ ክብ ከነሰረዙ ተለጥፎበታል። ስጫነው ሶፍትዌሩ መታደስ አለበት ይለኛል። አዲስ ስሪት ግን የለውም።

ምክንያቱ ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ካታሊና እንደ እኔው ያለ ባለ 32 ቢት (የድሮ ዓይነት) ሶፍትዌር ጨርሶ አያስነሳም። ከእሱ በፊት የነበረው ስርዓተ ክወና ሞሃቪ ግን ያስነሳል። ስለዚህ ያንኑ ሶፍትዌር አጥፍቶ መልሶ መጫን ድካም ብቻ ነው።

ፎቶዎቹ ምንም አልሆኑም፤ የጎደለው የሚከፍታቸው ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩ። ይህን ሳታደርጉ ምንም እንዳትነኩ፤ የሰው ሰርግ አይደገምም!

ከዚያ ሞሃቪን አውርጄ በተርሚናል (ማኩ ላይ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ትእዛዝ 16 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ አዘጋጀሁት። ማኩን አጥፍቼ ኦፕሽን የሚለውን ቁልፍ እንደተጫንኩ አስነሳሁት። የዲስኮቹ ምርጫ ሲመጣ ፍላሹን መርጬ ሞሃቪን ባዶ የውጭ ዲስክ ላይ ጫንኩ። ካታሊና እንዳለ ነው፤ አልነካሁትም።

ሶፍትዌሩ እዚያ ወዲያው ተከፈተ። የካታሎጉን (ሶፍትዌሩ የፎቶዎቹን ማስተካከያ የሚመዘግብበት ፋይል) ቅጂ ስከፍትለት፣ ነጩ ቬሎ ላይ የሠራሁት የብርሃን ማስተካከያ ሳይቀር ቦታው ላይ አገኘሁት። በጣም ደስ አለኝ። አሁን ያለቁትን ሥራዎች ቲፍ (TIFF) በሚባለው የፎቶ ፋይል ዓይነት እያወጣሁ ነው፤ ቲፍን አብዛኛው የፎቶ ሶፍትዌር ይከፍተዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከፋብሪካ ካታሊና ተጭኖበት የመጣ ማክ ሞሃቪን አይቀበልም።