የጠፈር ጉዞ ልብ ወለድ ከጣና ዳር ሆኖ እንዴት ይጻፋል? እንዴትስ ይተቻል?

ባለፈው ክረምት ከሐይቁ ዳር ካለች ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ አንድ ወጣት የጻፈውን አጭር ልብ ወለድ ሰጠኝ። ዐሥራ ሁለት ገጽ ነው። ጀግናው ጆን ይባላል፤ መንኩራኩሩ የሚነሣው ከፍሎሪዳ ነው፤ ሚስቱ ስትሰናበተው በተተረጐመ ፊልም አማርኛ ታለቅሳለች። ልጁ ፍሎሪዳን አይቷት አያውቅም። አባቱ ግን ዓሣ አስጋሪ ነው፤ ልጁም ታንኳ ላይ ነው ያደገው። የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣች ስትሄድ እንዴት እንደምትከብድ፣ ዳርቻው ከዓይን ሲርቅ ሆድ እንዴት እንደሚባባ ያውቃል። ከዚህ ሁሉ አንዱም በዐሥራ ሁለቱ ገጽ ውስጥ የለም።

የሚከተለውን የምጽፈው ለእሱና እንደ እሱ ማታ ማታ በስልካቸው ወይም በደብተራቸው የጠፈር ታሪክ ለሚሞክሩ ሰዎች ነው። ከጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ተቀምጠን የየራሳችንን ረቂቅ ስናነብና ስንተች ከቆየንበት የተማርኩት ነው።

1. መቼቱን ወስኑ፤ በተለይ «መቼ»ውን

መቼት የሚለው ቃል «መቼ»ና «የት» ተጋጥመው የወለዱት ነው። ምድር ላይ ለሚሆን ታሪክ «የት» ያስቸግራል እንጂ «መቼ» ቀላል ነው። ጠፈር ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የእኛ ሰዓት ከፀሐይ መውጣት ይጀምራል፤ «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» ስንል ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሆናት ማለታችን ነው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ደግሞ ምድርን በ90 ደቂቃ ገደማ ይዞራል፤ እዚያ ያለ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ 16 ጊዜ ያህል ፀሐይ ስትወጣ ያያል። ጨረቃ ላይ ከአንዱ የፀሐይ መውጫ እስከሚቀጥለው 29 ቀን ተኩል ነው። ገጸ ባሕርያችሁ «ነገ ጠዋት 2 ሰዓት እንገናኝ» ካለች የትኛው ጠዋት ነው? ሰዓታቸውን ከእኩለ ሌሊት ለሚቆጥሩ ጸሐፊዎች ይህ ጥያቄ እምብዛም አይነሣም፤ በአማርኛ ለሚጽፍ ግን በአንድ ተራ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተደብቆ የተቀመጠ ታሪክ ነው።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው ልውሰድ። የማርስ ቀን ርዝመት 24 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ማርስ ላይ ያለች አንዲት የባሕር ዳር ልጅ ሁዳዴን ትጹም እንበል። 55ቱን ቀን በማርስ ፀሐይ ብትቆጥር በየቀኑ 39 ደቂቃ ተኩል ትዘገያለች፤ 55 ጊዜ ሲደመር 36 ሰዓት ገደማ ይሆናል። እናቷ ባሕር ዳር ላይ ጾሟን ፈትታ ዶሮ ወጥ ስትበላ ልጅቷ ገና ሽሮ ላይ ናት። ታዲያ በየትኛው ፀሐይ ትጹም? ከማን ጋር ትፍታ? በዚህ ታሪክ ውስጥ ጭራቅም፣ ጦርነትም፣ የሚፈነዳ ፕላኔትም አያስፈልግም። ስሌቱን በወረቀት ላይ ሠርታችሁ ከጨረሳችሁ ግጭቱ በእጃችሁ ነው።

2. አንድ እውነት ምረጡና እስከ ጓዳ ድረስ ተከተሉት

ጀማሪ ጸሐፊ ስለ ጠፈር ያነበበውን ሁሉ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይደፋዋል። እኔም አድርጌዋለሁ። አንዱ ይበቃል፤ ግን ያ አንዱ ሰው ቤት ገብቶ የሚቀመጥበትን፣ የሚበላውን፣ የሚናገርበትን መንገድ እስኪቀይር ድረስ ተከተሉት።

የሬዲዮ መልእክት ከብርሃን አይፈጥንም። ከምድር እስከ ማርስ ለመድረስ፣ ሁለቱ እንደሚገኙበት ርቀት፣ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም «መልእክቱ ዘገየ» ብሎ ጽፎ ያልፋል። አሁን የእኛን ሰላምታ አስቡ። እንደምን አደርሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤት ደኅና ነው ወይ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ እያልን ቢያንስ አምስት ዙር እንሄዳለን። መልእክቱ በአንድ ወገን 20 ደቂቃ ቢፈጅ አንዱ ጥያቄና መልስ 40 ደቂቃ ይወስዳል፤ አምስቱ ዙር 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ቁም ነገሩ ገና ሳይነሣ ቀኑ ተጋመሰ። ሰላምታውን ማሳጠር ደግሞ ነውር ነው። እናት ምን ታደርጋለች? ከእኛ አንዷ ይህን ስታስብበት ከርማ እንዲህ ጻፈች፤ በእሷ ፈቃድ አስቀምጬዋለሁ፦

«ልጄ፣ እንደምን አደርሽ? ደኅና ነኝ ትያለሽ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔም ደኅና ነኝ። እንቅልፍሽስ? ተኝቻለሁ ብትዪኝም አላምንሽም። የአባትሽ ጉልበት ተሽሎታል። በይ አሁን አንቺ ተናገሪ፤ እኔ ቡናዬን አፍልቼ እመለሳለሁ።»

እናቲቱ የልጇን መልስ ራሷ እየመለሰች ሰላምታውን ሙሉ አድርጋዋለች። ቡናው የዘገየውን መልስ መጠበቂያ ሆነ። ስለ ብርሃን ፍጥነት አንድ ቃል አልተጻፈም፤ አንባቢው ግን ርቀቱን በሆዱ ያውቀዋል። ይህን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ለጥቂት ጊዜ ሐይቁን ሳይ ቆየሁ።

3. በምታውቁት ነገር ለኩ

«400 ኪሎ ሜትር ከፍታ» ቁጥር ብቻ ነው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ከሚወስደው የመኪና መንገድ ያጥራል ቢባል ግን የጠፈር ጣቢያው እንዴት ቅርብ እንደሆነ አንባቢው ይገርመዋል። ጣቢያውን ከሐይቁ ዳር ሆኖ ማየትም ይቻላል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወይም ሊነጋ ሲል የሚያልፍበትን ሰዓት ጠብቃችሁ ቁሙ፤ ሳይርገበገብ፣ ድምፅ ሳያሰማ በጥቂት ደቂቃ ሰማዩን ያቋርጣል። ያንን ያየ ሰው የሚጽፈው ዓረፍተ ነገር ከፊልም ከተቀዳው ይለያል።

ማርስን ለመጻፍ ደግሞ ጣና ከማንም የተሻለ አስተማሪ ነው። ፐርሲቨራንስ የተባለችው ተሽከርካሪ የካቲት 11 ቀን 2013 ዓ.ም. ያረፈችው ጄዜሮ በተባለ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ነው። በአንዳንድ የስላቭ ቋንቋዎች ቃሉ ሐይቅ ማለት ነው፤ ቦታውም በጥንት ዘመን ሐይቅ ነበር፣ ወንዝ እየገባበት ደለሉን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶበታል። ግልገል አባይ ከጣና የሚቀላቀልበትን ያየ ሰው ይህን ቅርጽ ያውቀዋል፤ ጭቃው ሲረገጥ ምን እንደሚመስል፣ ውኃው ሲሸሽ ምን እንደሚተው ያውቃል። ራሱ ጣናም ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር ከወለሉ የወጣው ደለል ይመሰክራል። የደረቀ ሐይቅ ውስጥ ስለሚራመድ ሰው ለመጻፍ ከእኛ የቀረበ ማን አለ?

ልኬቱ ግን የሚሠራው ልዩነቱም ሲነገር ነው። የሳተርን ጨረቃ ታይታን ሐይቆች አሏት፤ የተሞሉት ግን ከዜሮ በታች 179 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ ምድር ላይ ጋዝ በሆነው በሜቴን ነው፤ እዚያ ግን ፈሳሽ ነው። የፈሳሽ ሜቴን ክብደት በመጠን ከሚስተካከለው ውኃ ግማሽ እንኳ አይሞላም። በጣና ላይ የሚንሳፈፍ ብዙ እንጨት እዚያ ይሰምጣል።

ጀግናችሁን የግድ ወደ ላይ መላክ የለባችሁም። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ያመጠቀቻት የመጀመሪያዋ ሳተላይት 72 ኪሎ ግራም ነበረች፤ የምትታዘዘውም ከእንጦጦ ነበር። እንዲህ ያለች ሳተላይት ከአንድ ጣቢያ በላይ ስታልፍ የምትገናኘው ለ10 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ሌሊት ያችን ዐሥር ደቂቃ የሚጠብቅ ተረኛ፣ ከቤቱ ስልክ እየተደወለለት፤ እኔ ይህን ታሪክ ካነበብኳቸው የጋላክሲ ጦርነቶች ሁሉ አስበልጠዋለሁ።

4. ድምፁንና ንግግሩን አጣሩ

አየር በሌለበት ድምፅ አይጓዝም። ይህን የሚያውቁ ሰዎች እንኳ ሲጽፉ ይረሱታል። ከቡድናችን የመጣ አንድ ረቂቅ እንዲህ ይል ነበር፦ «ከውጭ ጆሮ የሚያደነቁር ፍንዳታ ተሰማ። መንኩራኩሯ እያጓራች ተናወጠች።» ከታረመ በኋላ፦ «ጓንቷ መያዣውን እንደጨበጠ ብረቱ በመዳፏ ውስጥ አንድ ጊዜ ነዘረና ዝም አለ። ቀና ስትል የፀሐይ ኃይል መቀበያው ግማሽ ክንፍ ቀስ እያለ ሲርቅ አየች። የምትሰማው የገዛ ራሷን ትንፋሽ ነበር።» ንዝረት በብረት ውስጥ ያልፋልና እጇ ሰማ። ዝምታው ከፍንዳታው ይልቅ አስፈሪ ሆነ።

በንግግር ረገድ የማሳስበው አንድ ነገር ነው። ኦክስጅንን ኦክስጅን፣ ካሜራን ካሜራ በሉት። ማንም ሰው አየሩ እያለቀበት የመዝገበ ቃላት አማርኛ አይናገርም። አንቱታውንም አትርሱ፤ ወጣቷ መሐንዲስ ሽማግሌውን አዛዥ «አንተ» ካለችው ወይ በጣም ተቆጥታለች ወይ ጸሐፊው ተሳስቷል።

5. ሂሱን በሥርዓት አድርጉት

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ብቻውን ሆኖ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ መምህሩም ስሕተቱ ላይ ያቆመዋል። ማንም በዚህ አይቀየምም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጠፈርና የራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ «ዋሸራ» ተብሎ መጠራቱን ሳስብ ሁሌም ደስ ይለኛል፤ ዋሸራ ስመ ጥር የቅኔ ቦታ ነውና።

እኛ ግን ይሉኝታ ይዞናል። የመጀመሪያ ታሪኬን ለአምስት ሰዎች ሰጥቼ አራቱ «ግሩም ነው፣ በርታ» አሉኝ፤ ከአራቱ ምንም አልተማርኩም። አምስተኛዋ በሦስተኛው ገጽ አንድ መስመር ሥር አሰመረችና «እዚህ ጋ ማመን አቆምኩ» አለችኝ። ለሁለት ቀን አኮረፍኩ። እስከ ዛሬ ድረስ ግን ረቂቄን ቀድሜ የምሰጠው ለእሷ ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ከአምስት ሰው አትብለጡ። ታሪኩ በወረቀት ታትሞ ለሁሉም ይድረስ። ጮክ ብሎ የሚያነበው ጸሐፊው ሳይሆን ሌላ ሰው ይሁን፤ ጸሐፊው ካነበበው የጎደለውን በድምፁ ይሞላዋል። አንባቢው የተደናቀፈበት ቦታ የመጀመሪያው ሂስ ነው፤ ምልክት አድርጉበት። ጸሐፊው እስከ መጨረሻ ዝም ይበል። «እዚያ ጋ ለማለት የፈለግኩት…» የሚል ሰው ታሪኩን በየአንባቢው ቤት ሄዶ ማስረዳት አይችልም።

ሌሎቻችሁ ሦስት ነገር ብቻ ፈልጉ፦ ማመን ያቆማችሁበትን መስመር፣ ያ ሰው የማይናገረውን ቃል፣ እና ቶሎ የታለፈባችሁን፣ ልትቆዩበት የወደዳችሁትን ቦታ። ሦስተኛውን ብዙ ተቺ ይዘለዋል፤ ለጸሐፊው ግን ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነው፣ ታሪኩ በሕይወት ያለበትን ቦታ ያሳየዋልና።

የሳይንስ ስሕተት ሲገኝ አንድ ነገር ለዩ። የማርስ ስበት ከምድር 38 በመቶ ገደማ ነው፤ ጸሐፊው «ሲሶ» ብሎ ቢጽፍ ተዉት፣ ታሪኩ አይፈርስም። ማርስ ላይ ያለው ሰው ከእናቱ ጋር በስልክ እየተቀባበለ ቢያወራ ግን ታሪኩ የቆመበት ምሰሶ ወድቋልና ዝም ማለት በደል ነው። ዕውቀቱን ለማሳየት ሲል የመጀመሪያውን ዓይነት ስሕተት እየለቀመ ሰው የሚያሸማቅቅ ተቺ ቡድን ያፈርሳል፤ አንድ ጥሩ ጸሐፊ በዚህ ምክንያት ሲተወን አይቻለሁ።

6. ሂሱን ከተቀበላችሁ በኋላ

ረቂቁን ለአንድ ሳምንት አትንኩት። ሦስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከተደናቀፈ ቦታው ታሟል፤ የሰጧችሁ መድኃኒት ግን ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ሕመሙ ያለው ከዚያ አንድ ገጽ ቀደም ብሎ፣ ሳትነግሩን በዘለላችሁት ነገር ውስጥ ነው። ሁለተኛውን ረቂቅ የመጀመሪያውን ላላየ ሰው ስጡ፤ የቀድሞው አንባቢ የሰረዛችሁትን በልቡ ይዞት ስለሚያነብ ክፍተቱ አይታየውም። ስለ ጠፈር ግድ የሌለው ሰው ብታገኙ ይመረጣል።

የሻይ ቤቱ ልጅ ጆንን ሰርዞ ታሪኩን ታይታን ላይ አደረገው፤ አንዲት አሳሽ በደንገል አስተሳሰር በተሠራች ተንሳፋፊ የሜቴን ሐይቅ ታቋርጣለች። ጉዞዋ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ባለፈው ወር ለአባቱ አነበበለት። አባትየው ስለ ሳተርንም ስለ ሜቴንም አልጠየቀም። እስከ መጨረሻው አዳምጦ «ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትሄድ ታንኳይቱን የት አውጥታ አደረቀቻት?» አለው። ልጁ አሁን ሦስተኛውን ረቂቅ እየጻፈ ነው።